ሳቁ ተራኪው አፍ ላይ ነው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ የቆየ አስቂኝ ልቦለድ ወደ ስምንት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ እየቀየረ ነው። ታሪኩ የባላባቶች ዘመን ታሪክ ነው። «መጽሐፉን ስናነብ በሳቅ ፍርስ እንላለን። ስክሪፕቱን ተሰብስበን ስናነበው ግን ማንም አይስቅም። አንድም ትዕይንት አልዘለልንም፤ ንግግሩንም ቃል በቃል ነው የወሰድነው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው? ቮይስ ኦቨር፣ ማለትም ከምስሉ ጀርባ የሚተርክ ድምፅ፣ ብናስገባበትስ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ትዕይንት አላጎደላችሁም። ያጎደላችሁት አንድ ሰው ነው። ተራኪውን ቤት ትታችሁት መጥታችኋል።

አንድ ሰው ሠርግ ቤት የተፈጠረ ነገር ሲያወራልን እንባችን እስኪመጣ እንስቃለን። እዚያው ሠርግ ላይ የነበረ ሌላ ሰው ያንኑ ነገር ሲያወራው ግን «እሺ፣ ከዚያስ?» እንለዋለን። የሆነው ነገር አንድ ነው። የተለየው አፉ ነው። አስቂኝ ልቦለድም እንደዚያ ነው። ቀልዱ የተራኪው አረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጧል። ስክሪፕት ስትጽፉ ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቀው ያ አረፍተ ነገር ነው፤ ካሜራ አይቀርጸውማ። የሚተርፈው ድርጊትና ንግግር ብቻ ይሆናል።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ይህ ይገባዋል። ሬዲዮ ላይ ተራኪው አልሞተም፤ እንዲያውም ድምፅ አገኘ። የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት ስንሰማ፣ ስለ ኩራቱ የሚነግረን ሰው ምን እንደሚያስብም ከድምፁ እንሰማለን። ቴሌቪዥን ላይ ግን ፊታውራሪው ብቻቸውን ይቆማሉ። የተራኪውን ሥራ የሚረከብ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሥራችሁ ሁሉ እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ነው፦ ዱላውን ማን ይቀበል?

ይህን በአንድ ምሳሌ ላሳይህ፤ ከመጽሐፉ ጋር ጎን ለጎን እያስተያየሁ ደጋግሜ ያየሁት ስለሆነ እንደ ልቤ አውቀዋለሁ። ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1813 ያሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ነው። ቢቢሲ በ1995 በስድስት ክፍል ሠራው። ስክሪፕቱን አንድሩ ዴቪስ ጻፈው፣ ሳይመን ላንግተን ዳይሬክት አደረገው። ብዙ ሰው የፍቅር ድራማ ነው ብሎ ያስታውሰዋል። መጽሐፉ ግን ከሁሉ በፊት የሳቅ መጽሐፍ ነው።

የመጀመሪያው አረፍተ ነገር በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ «ደህና ሀብት ያለው ላጤ ሁሉ ሚስት እንደሚያስፈልገው ዓለም በሙሉ የተቀበለው እውነት ነው።» እኛ ለዚህ አነጋገር ስም አለን፤ ሰም እና ወርቅ። ሰሙ «ሀብታም ላጤ ሚስት ይፈልጋል» ነው። ወርቁ ተገልብጦ ነው የሚገኘው፤ ሴት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሀብታም ላጤ ይፈልጋል። ኦስተን ወርቁን አትነግርህም። ፊቷን ኮስተር አድርጋ ሰሙን ትሰጥህና ወርቁን ራስህ እስክታገኝ ትጠብቅሃለች። ያገኘህበት ቅጽበት ነው ሳቁ።

አሁን ይህን እንዴት ትቀርጸዋለህ? ጥቁር ስክሪን ላይ በጽሑፍ ብታወጣው ተመልካቹ ጥቅስ ይመስለዋል። ዴቪስ አረፍተ ነገሩን ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ ከአምስቱ የቤኔት ሴት ልጆች ለሁለተኛዋ ለኤልሳቤጥ፣ ሰጣት። ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ እየሄደ ነው። እናትየዋ «ሰፈራችን ሀብታም ላጤ ሊገባ ነው» ብለው ደስታ በደስታ ሆነዋል። ኤልሳቤጥ ያችን አረፍተ ነገር ጣል ታደርጋለች። እናትየዋ እንደ ቁም ነገር ይቀበሉታል፤ በእርግጥ ያስፈልገዋል እንጂ! አንዷ ወርቁን ተናገረች፣ ሌላዋ ሰሙን ሰማች። ከአንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ኤልሳቤጥ ማን እንደሆነች፣ እናቷ ማን እንደሆኑ፣ በዚህ ድራማ ውስጥ በማን ዓይን እንደምናይ አወቅን። ቀልዱም አልጠፋም፤ ከተራኪዋ አፍ ወደ ገጸ ባሕርይዋ አፍ ተሻገረ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወራሽ ፈልጉ። በታሪካችሁ ውስጥ ነገሩን አይቶ የሚስቅ፣ ወይም ሳቁን የሚውጥ ሰው ማን ነው? በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወራሾቹ ሁለት ናቸው፤ ኤልሳቤጥና አባቷ። አባትየው ለሚስታቸው የሚሰጡትን መልስ አስታውስ። ሚስትየዋ «ለነርቬ አታዝንልኝም» ሲሏቸው፣ «ነርቭሽንማ በጣም ነው የማከብረው፤ የቆየ ወዳጄ ነው፤ ቢያንስ እነዚህን ሃያ ዓመታት ስሙን ስታነሺ ስሰማ ኖሬያለሁ» ይላሉ። የተራኪዋ ቃና በሳቸው ጉሮሮ ሲወጣ ትሰማዋለህ።

እዚህ ላይ ግን አደጋ አለ። ወራሹ ሁልጊዜ ትክክል ከሆነ ድራማው የብልጦች ሹፈት ይሆናል። ኦስተን ይህን ታውቃለች። ሰው ማንበብ የምትችለው ኤልሳቤጥ፣ በኋላ የምታገባውን ኩሩውን ሀብታም ዳርሲንም፣ አንደበተ ርቱዑን መኮንን ዊክሃምንም ገልብጣ ነው ያነበበቻቸው። እያሾፉ የኖሩት አባት ትንሿን ልጃቸውን ሊዲያን ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ብራይተን ዝም ብለው ይሰዷታል፤ በአስራ ስድስት ዓመቷ ከዚሁ ከዊክሃም ጋር ትኮበልላለች። የሹፈታቸው ዋጋ ያኔ መጣ። የናንተም ወራሽ የሆነ ቦታ ላይ መሳሳት አለበት። ያለዚያ ተመልካቹ ስምንት ክፍል ሙሉ አብሮት አይቆይም።

ቮይስ ኦቨር ይገባል ወይ ላልከው፤ እንደ ማጣበቂያ ከሆነ አይገባም። ትዕይንቱ ሳያስቅ ሲቀር ከላዩ ላይ ድምፅ ይደፋበታል። ያኔ ተመልካቹ ምስሉን ማየት ትቶ ወሬ መስማት ይጀምራል። ተራኪውን ማስገባት ከፈለጋችሁ ሰው አድርጋችሁ አስገቡት። ቢቢሲ በ1997 የሄንሪ ፊልዲንግን «ቶም ጆንስ» ሲሠራ ደራሲው ራሱ በተዋናይ፣ በጆን ሴሽንስ፣ ተተወነ። ትዕይንቱ መሃል እየገባ ለተመልካቹ ያወራል። እዚያ ይሠራል፤ የፊልዲንግ ተራኪ በመጽሐፉም ውስጥ እየመጣ የሚለፈልፍ ሰው ነውና። ሌላው የእንግሊዝ ጣቢያ አይቲቪ በ2018 «ቫኒቲ ፌር»ን ሲሠራ ደግሞ ማይክል ፔሊን ደራሲውን ታከሬይን ሆኖ እያንዳንዱን ክፍል ይከፍተዋል። የናንተ መጽሐፍ ተራኪ እንደነዚህ ከፊት የሚቆም ከሆነ ሞክሩት። እንደ ኦስተን ከመጋረጃ ጀርባ የሚንሾካሾክ ከሆነ ግን አታውጡት፤ ሲወጣ ያፍራል።

ሌላው ዱላ ተቀባይ ካሜራው ነው። በመጽሐፉ ምዕራፍ 14 ላይ የአባትየው ዘመድ የሆነው ቄሱ ሚስተር ኮሊንስ እራት ላይ ተቀምጦ እመቤቶችን እንዴት እንደሚያሞካሽ ያወራል። አባትየው በትሕትና ይጠይቁታል፦ ይህ ሙገሳ በቅጽበት ነው የሚመጣልህ ወይስ አስቀድመህ ታጠናዋለህ? ኮሊንስ ጥያቄው ክብር መስሎት፣ ባብዛኛው በቅጽበት ቢሆንም አንዳንዴ ቁጭ ብሎ እንደሚያዘጋጅ ያስረዳል። ተራኪዋ እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፤ አባትየው ፊታቸውን አጥብቀው እንደያዙና አልፎ አልፎ ኤልሳቤጥን ገልመጥ እንደሚያደርጓት። ይህ እኮ የካሜራ ትእዛዝ ነው! ሳቁ ያለው የሚናገረው ሰው ላይ ሳይሆን የሚሰማው ፊት ላይ ነው። ስክሪፕታችሁ ውስጥ የሚሰሙት ሰዎች ምን እያደረጉ እንደሆነ ጽፋችኋል? ብዙ ስክሪፕት አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው የተናጋሪውን ብቻ ነው የሚጽፈው።

አሁን ወደ እናንተ ዘመን ልምጣ። ለምሳሌ ብዬ ራሴ የፈጠርኩትን አንድ የተራኪ አረፍተ ነገር ውሰድ፦ «ግራዝማች ለድሃ ያላቸው ርኅራኄ ወሰን አልነበረውም፤ በተለይ ድሃው ሩቅ አገር ሲሆን።» ሲነበብ ያስቃል። ይህን ብዙ ሰው እንዴት እንደሚቀይረው ልንገርህ። ግራዝማች ለማኝ ያባርራሉ። አለቀ። ጨካኝ ሰው አየን እንጂ አልሳቅንም፤ የአረፍተ ነገሩ ግማሽ ጠፍቷል።

እንዲህ ብታደርገውስ? የንስሐ አባታቸው ምሳ ላይ ተቀምጠው ከሩቅ አገር ስለመጣ የረሃብ ወሬ ያወራሉ። ግራዝማች ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀርቶ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ከውጭ በር ላይ አንድ ድምፅ «ስለ ማርያም» ይላል። ግራዝማች አልሰሙም። ድምፁ ይደግማል። ግራዝማች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ አሽከሩ ዞረው፣ «አንተ፣ ያንን በር ዝጋው፤ አባ የሚሉትን መስማት አልቻልኩም» ይላሉ። አሽከሩ በሩን ሊዘጋ ሲሄድ ፊቱን እናያለን። የአረፍተ ነገሩ ሁለቱም ግማሾች አሉ። ወራሽም አገኘን፤ አሽከሩ። ግራዝማች ደግሞ የእውነት ነው ያለቀሱት። ተዋናዩ ለይምሰል ካለቀሰ ቀልዱ ይሞታል።

ሁሉም ትዕይንት ግን እንዲህ አይለፋበትም። አንዳንዱ በመጽሐፉ ውስጥም ተራኪ አያስፈልገውም። ኮሊንስ ለኤልሳቤጥ የጋብቻ ጥያቄ ሲያቀርብ ምክንያቶቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ይቆጥራል። ሦስተኛው፣ «ምናልባት መጀመሪያ ልናገረው የሚገባኝ» የሚለው፣ ባለውለታው እመቤት እንዲያገባ መክረውት መሆኑ ነው። ይህ እንዳለ መድረክ ላይ ይወጣል። ዴቪድ ባምበር ሲጫወተው አንዳች አልጨመረበትም፤ ከልቡ ነው የሚቆጥረው። እንዲህ ያለውን እንዳትነኩት።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ዘመኑ። አስቂኝ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀው ደንብ ሲጣስ ነው። የድሮ ዘመን ታሪክ ሲሆን ደግሞ ተመልካቹ ደንቡን አያውቀውም። በ1995ቱ ድራማ ዳርሲ ሐይቅ ውስጥ ዋኝቶ፣ ሸሚዙ እንደራሰ፣ ኤልሳቤጥ ፊት ድንገት ይደርሳል። የመዋኘቱ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እዚያ ድንገት ተያዩና ሁለቱም ቀሉ ነው የሚለው። ትዕይንቱ በፍቅር የታወቀ ይሁን እንጂ ውስጡ ቀልድ ነው። ዳርሲ የሚለው ጠፍቶበት ቤተሰቧ ደህና መሆናቸውን ይጠይቃታል። ትመልሳለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያንኑ ይጠይቃል። እንግሊዞች እዚህ ጋ ይስቃሉ። በመጽሐፉም ጥያቄዎቹን እየደጋገመ እንደተጣደፈ ተጽፏል።

እኛ ግን አንስቅም! «ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? እናትሽ ደህና ናቸው? ደህና ነሽ ግን?» ማለት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። ዳርሲ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት ያደገ ሰው የመሰለው ለኛ እዚህ ጋ ነው። ይህን ያነሳሁት ለተመልካቻችሁ ስል ነው። የዛሬ የሃያ ዓመት ወጣት ለባላባት ዘመን ደንብ ልክ እንደዚህ ባዕድ ነው። ያለ አጋፋሪ ጌታ ፊት ዘሎ መግባት ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ደንቡን አንዴ ሲከበር አሳዩት፣ ከዚያ ሲጣስ አሳዩት። በዚያው በኦስተን ታሪክ፣ በአንድ የጭፈራ ግብዣ ምሽት ኮሊንስ ማንም ሳያስተዋውቀው ወደ ዳርሲ ሊሄድ ሲል ኤልሳቤጥ ልታስቆመው ትሞክራለች፤ ይህ ነውር ነው ትለዋለች። ደንቡ የተነገረን በሷ ጭንቀት ነው። ትምህርት አይመስልም።

እኛ ጋ ደግሞ እንግሊዞች የሌላቸው ሀብት አለ። ለነሱ ሁሉም «ዩ» ነው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ አለን። ቀልድ የሚሸከም ነገር ነው። አንድ ሰው የዕዳ ቀን እስኪደርስ «አንቱ» ሲል ቆይቶ ዕዳው በተከፈለ ማግስት «አንተ» ቢል ሌላ ንግግር አያስፈልግም። ሚስት ባሏን ሰው ፊት «እርስዎ» ብላ ጓዳ ስትገባ «ስማ አንተ» ብትል እንዲሁ። ስክሪፕታችሁን ለዚህ ብቻ ብላችሁ አንድ ዙር አንብቡት። እያንዳንዱ ሰው እያንዳንዱን ማን ብሎ እንደሚጠራ ወስኑ፤ የት ቦታ እንደሚቀየርም። ዘመኑን ከካባና ከጋሻ ይልቅ ይህ ያቆመዋል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ፍርሃት። አሊሰን ስቴድማን እናትየዋን ስትጫወት ትጮኻለች፣ ትንፋሿ ይቆረጣል። አበዛችው የሚሉ አሉ። እኔ አበዛችው አልልም። ያች ሴት አምስት ሴት ልጆች አሏት። ርስቱ በውል የታሰረው ለወንድ ወራሽ ነው፤ ባሏ የሞቱ ቀን ቤቱ ለኮሊንስ ያልፋል። ለኛ ይህ እንግዳ ነው፤ በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም በአባቷም በእናቷም በኩል ርስት መጠየቅ ትችል ነበር። እዚያ ግን ለኤልሳቤጥ የሚደርሳት በ4 በመቶ የሚወልድ 1,000 ፓውንድ ብቻ ነው፤ እሱም እናቷ ከሞቱ በኋላ። በዓመት 40 ፓውንድ ማለት ነው። ዳርሲ በዓመት 10,000 አለው። አሁን የሴትየዋን ጩኸት እንደገና ስማው። ከመላ ቤተሰቡ ውስጥ ቤቱ እየተቃጠለ መሆኑን ያየች እሷ ብቻ ነች።

መጽሐፉ ይህን የገንዘብ ነገር በተራኪዋ በኩል በአንድ አንቀጽ ነው የሚነግረን። ድራማው ደግሞ ሁለቱን ታላላቅ እህቶች ማታ መኝታ ቤት ውስጥ፣ በሌሊት ልብስ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ገንዘብ ያስወራቸዋል። እየሳቁ ነው የሚያወሩት፤ ግን አንዳቸው ሀብታም ማግባት እንዳለባቸው ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀልድ ሁሉ ከሥሩ መሬት አለው።

የኤልሳቤጥን ጓደኛ ሻርሎትንም አስብ። ሃያ ሰባት ዓመት ሞላት፤ መልክ የላትም፣ ገንዘብ የላትም። ኮሊንስን አገባችው። ኤልሳቤጥ ልትጠይቃት ስትመጣ ሻርሎት ቤቷን እያሳየች፣ ባሏን አትክልት ቦታው ላይ ብዙ እንዲቆይ እንደምታበረታታው ትነግራታለች። ለጤናው ጥሩ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የምትቀመጥበት ክፍል ከኋላ በኩል ያለው ነው፤ ከፊት ያለው ቢያምርም። ኤልሳቤጥ መጀመሪያ ይገርማታል። በኋላ ይገባታል፤ ከፊት ቢሆን ባልየው አብዝቶ ይመጣ ነበር። ስታነብ ፈገግ ትላለህ። ከዚያ ፈገግታህ ይቀዘቅዛል። ጽሑፍ ስታሳጥሩ መጀመሪያ የምትቆርጡት እንዲህ ያለውን እንዳይሆን እፈራለሁ፤ «ታሪኩን ወደፊት አይገፋም» ተብሎ።

ስለ ክፍል አከፋፈል ብዙ አልልም። መጽሐፉ 61 ምዕራፍ ነው፤ የዳርሲ የመጀመሪያው የጋብቻ ጥያቄ 34ኛው ላይ ይመጣል። ዴቪስ የስድስቱን ክፍል ልክ ግማሽ፣ የሦስተኛውን መጨረሻ፣ እሱ ላይ አሳረፈው። የናንተን መጽሐፍ የሚገለብጠውን ትዕይንት ፈልጉና አራተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ አስቀምጡት። ሌላው ራሱ ይደራጃል።

ስለ ሎኬሽን ደግሞ አንድ ነገር። የዳርሲ ቤት በውጭ ላይም ፓርክ ነው፣ በውስጥ ሰድበሪ ሆል። እጅግ ያምራሉ። ውበቱ ግን ኤልሳቤጥን አፏን እንዲያስይዛት ነው የተቀመጠው፤ ካሜራውም ያን ያህል የሚዘገይበት ለዚህ ነው። የቤኔቶች ቤት ውስጥ ስንገባ ጠባብ ነው፣ ስድስት ሴት እርስ በርሱ ይጋጫል። አስቂኝ ትዕይንት ጠባብ ክፍል ይወዳል። አዳራሽ ውስጥ ሳቅ ይበተናል። ያማረ ግቢ አግኝታችሁ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ቀልዱን ግን ማድ ቤቱ ውስጥ ቅረጹት።

አሁን መጽሐፉን እንደገና አውጡ። ሦስታችሁም ለየብቻ፣ ሳትነጋገሩ፣ ያሳቃችሁን የተራኪ አረፍተ ነገር ሁሉ በእርሳስ አስምሩ። የገጸ ባሕርያቱን ንግግር ተዉት፤ የተራኪውን ብቻ። ከዚያ ተገናኙና ሦስታችሁም ያሰመራችሁበትን ለዩ። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ስም ጻፉ፦ ይህን ማን ይናገረዋል፣ ወይም ይህ ሲሆን የማን ፊት ላይ እንሆናለን። ስም ያጣችሁለት ካለ ስክሪፕቱ ውስጥ የጎደለ ሰው አለ ማለት ነው። ምናልባት አሽከር ነው፣ ምናልባት መጽሐፉ አንዴ ብቻ የጠራት የጎረቤት ሴት ናት። እሷን ፈልጉና ምሳ ጠረጴዛው አጠገብ አቁሟት።